ኪሳራውን ማን ይሸከማል?

ሰፈራችን ውስጥ ፕሌይስቴሽን ቤት ሊከፍት ያሰበ ልጅ አለ። ከጓደኛው ጋር ገንዘብ አዋጥተው አንዲት ጠባብ ክፍል አይተዋል። የሒሳብ ሠራተኛ መሆኔን ስለሚያውቁ ወጪና ገቢውን አብረን እንድናሰላ ደብተር ይዘው ቤቴ መጡ። ኪራዩ፣ ቴሌቪዥኑ፣ መብራቱ፣ ወንበሩ ሁሉ ተጽፏል። ስለ ጆይስቲክ ግን ልጁ አጥብቆ ነገረኝ። ማሽኑ ዓመታት ይቆያል፣ ጆይስቲኩን ግን ጎል የገባበት ሁሉ በንዴት ይጨርሰዋል።

ሒሳቡን ጨርሰን ቡና ስንጠጣ ልጁ እንዲህ አለኝ፦ «ጋሼ፣ አንድ ነገር አይገባኝም። ይሄ ማሽን ጉልበቱ ከስንቱ ላፕቶፕ ይበልጣል። ዋጋው ግን ግማሹን አይሞላም። ሰዎቹ ምን በልተው ነው የሚያድሩት?»

«ከጌሙ ነዋ የሚያተርፉት» አልኩት። ትክክለኛ መልስ ነው። ጥያቄው ግን አለቀቀኝም። እሱ በሚከፍተው ክፍል ውስጥ አንድ የኳስ ጌም ዓመቱን ሙሉ ይሽከረከራል። ያቺን አንዲት ጌም የሰፈሩ ልጅ ሁሉ እየተፈራረቀ ይጫወታታል። ትርፉ ከጌም ሽያጭ ከሆነ፣ የዚህን ማሽን ቅናሽ የከፈለው ማነው? ማታ ማታ የድርጅቶቹን የሒሳብ ሪፖርት ማገላበጥ የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

አንድም ማሽን በትርፍ አልሸጥንም

በሜይ 2021 ጌም ሠሪው ኤፒክ ጌምስ አፕልን ከሶ ካሊፎርኒያ ውስጥ ሲሟገት፣ ከማይክሮሶፍት የመጣች ሎሪ ራይት የምትባል ኃላፊ ለምስክርነት ተጠርታ ነበር። ኤክስቦክስ ከተባለው የጌም ማሽናችሁ ሽያጭ ምን ያህል ታተርፋላችሁ ተባለች። ምንም፣ አለች። ማሽኑን በትርፍ ሸጠን አናውቅም። የመጀመሪያው ኤክስቦክስ የወጣው በ2001 ነው። ሃያ ዓመት ገደማ ማለት ነው።

አሠራሩ ሲም ካርድን ይመስላል። ሲሙ በርካሽ ይሰጥሃል፣ ገንዘቡ የሚመጣው በኋላ ከካርዱ ነው። ኮንሶል፣ ማለትም የጌም ማሽን ላይ፣ ካርዱ ጌም ነው። ሌላ ድርጅት የሠራው ጌም በማሽኑ የኦንላይን ሱቅ ሲሸጥ የማሽኑ ባለቤት 30 በመቶ ገደማ ይወስዳል። ከዚያ ላይ ወርሃዊ ክፍያ አለ፣ ተጨማሪ ጆይስቲክ አለ፣ ጌሙ ውስጥ የሚሸጠው ልብስና ተጫዋች አለ። እዚያ ላይ ማሽኑን የሠራው ድርጅት ራሱ ያዘጋጃቸው ጌሞች ሲጨመሩ በማሽኑ የጠፋው ገንዘብ ቀስ እያለ ይመለሳል።

ይህ እንዲሆን ግን ማሽኑን የገዛው ሰው መግዛቱን መቀጠል አለበት። የእኛ አገር ፕሌይስቴሽን ቤት በዚህ ሒሳብ ውስጥ አይገባም። በፕሌይስቴሽን 2 ዘመን ከተማውን የሞላው ዲስክ ኮፒ ነበር፤ ከዚያ ለፕሌይስቴሽን ሠሪው ለሶኒ የደረሰው ነገር የለም። ዛሬም ቢሆን ብዙው ሰው አካውንቱን የሚከፍተው በአሜሪካ ወይም በእንግሊዝ አድራሻ ነው። እኛ የምንጫወትበት ማሽን በርካሽ የተሸጠው ሌላ ቦታ ያለ ሰው ብዙ ጌም ይገዛል ተብሎ ስለታሰበ ነው። ይሄ ሐሳብ ገርሞኛል፣ ዛሬም ይገርመኛል።

በሁለት ቀን ልዩነት የወጡት ሁለት ማሽኖች

ሪፖርቶቹን ሳገላብጥ ከሁሉም በላይ የያዘኝ አንድ ሳምንት ነው። ኖቬምበር 17 ቀን 2006 ፕሌይስቴሽን 3 አሜሪካ ውስጥ ለሽያጭ ቀረበ። ከሁለት ቀን በኋላ፣ ኖቬምበር 19፣ የኒንቴንዶ ዊ ተከተለ። ሁለቱም ጃፓኖች ናቸው፣ ሁለቱም የሚሸጡት ለበዓል ገበያ ነው። የሒሳብ ደብተራቸው ግን ሰማይና ምድር ነው።

ትልቁ ፕሌይስቴሽን 3 በ599 ዶላር ተሸጠ። በወቅቱ ሕዝቡ በዋጋው ተንጫጫ። አይሰፕላይ የተባለው የጥናት ድርጅት ማሽኑን ገዝቶ ፈታታው፣ እያንዳንዱን ዕቃም ዋጋ አወጣለት። የኢንቪዲያው የግራፊክስ ቺፕ 129 ዶላር፣ የብሉ ሬይ ማጫወቻው 125 ዶላር፣ ሶኒ ከአይቢኤምና ከቶሺባ ጋር ያሠራው ሴል የተባለው ቺፕ 89 ዶላር። በመጀመሪያዎቹ ማሽኖች ውስጥ የድሮ ዲስኮች እንዲሠሩ ተብሎ የፕሌይስቴሽን 2 ቺፖች ጭምር ተቀምጠው ነበር፤ አዲሱ ማሽን አሮጌውን አዝሎ መጣ ማለት ነው። ሁሉም ሲደመር 840 ዶላር ገደማ ሆነ። ሶኒ በእያንዳንዱ ማሽን ላይ 240 ዶላር አካባቢ ከራሱ ኪስ ይጨምር ነበር። ትንሿ፣ በ499 ዶላር የምትሸጠው፣ እንዲያውም የባሰች ነበረች፤ በእሷ ላይ ኪሳራው ከ300 ዶላር ያልፍ ነበር።

ብዙ በተሸጠ ቁጥር ኪሳራው ይበዛል። ማርች 2007 ላይ በተዘጋው የበጀት ዓመት የሶኒ የጌም ክፍል 232.3 ቢሊዮን የን ከሰረ። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ 124.5 ቢሊዮን። ፕሌይስቴሽን 2 ከ160 ሚሊዮን በላይ የተሸጠ፣ በታሪክ ከፍተኛውን ሽያጭ ያስመዘገበ ማሽን ነው። የዚያ ማሽን ወራሽ ነው እንግዲህ ይህን ያደረገው። «ካልጠገቡ አይዘሉም፣ ካልዘለሉ አይሰበሩም» ይላል ያገሬ ሰው። የፕሌይስቴሽን አባት የሚባለው ኬን ኩታራጊ ዋጋው ሲነገር ምናልባትም ረክሷል የሚል አስተያየት ሰጥቶ ነበር። በ2007 ከኃላፊነቱ ለቀቀ።

ለምን እንዲህ አደረጉ ብዬ ብዙ አሰብኩ። ያበዱ ሰዎች አይደሉም። ሶኒ በዚያን ጊዜ ከቶሺባ ጋር ሌላ ጦርነት ላይ ነበር፤ ቀጣዩ የፊልም ዲስክ ብሉ ሬይ ይሁን ኤችዲ ዲቪዲ የሚለው። ፕሌይስቴሽን 3 ብሉ ሬይን በየሳሎኑ አስገባ። በፌብሩዋሪ 2008 ቶሺባ ኤችዲ ዲቪዲን ማምረት እንደሚያቆም አስታወቀ። ስለዚህ የጌም ክፍሉ ኪሳራ ለሌላ ክፍል ድል ከፍሏል። ፊልም ያለው፣ ሙዚቃ ያለው፣ ካሜራ ያለው፣ በዚያን ጊዜ ኢንሹራንስም የነበረው ቤት እንዲህ ማድረግ ይችላል። አንዱ ልጅ ሲያጎድል ሌላው ይሞላል።

ኒንቴንዶ ግን የሚሞላለት ወንድም የለውም። በ1889 ኪዮቶ ውስጥ የመጫወቻ ካርታ በመሥራት የተጀመረ ቤት ነው፤ ዛሬም የሚያውቀው ጨዋታ ብቻ ነው። ዊ 250 ዶላር ነበር። ውስጡ ያለው ቺፕ ከኒንቴንዶ የቀድሞ ማሽን፣ ከጌምኪውብ፣ ቺፕ የተወረሰ ነው። ኤችዲ ምስል አያወጣም። በጉልበት ከፕሌይስቴሽን 3 ጋር ማወዳደርም አይቻልም። የኒንቴንዶው ጉንፔይ ዮኮይ ከዚያ በፊት ያስተማረው አካሄድ ነው፤ የረከሰ፣ ሁሉም ሰው የለመደው ቴክኖሎጂ ውሰድና ማንም ባላሰበው መንገድ ተጠቀምበት። አዲሱ ነገር እጅ ላይ የሚያዘው መቆጣጠሪያ ነበር። እጅህን ታወዛውዛለህ፣ ስክሪኑ ላይ ራኬቱ ይወዛወዛል። የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ያሉ አዛውንቶች ሳይቀሩ ቦውሊንግ ተጫወቱበት። ኒንቴንዶ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በእያንዳንዱ ዊ አተረፈ።

አሁን ይህን ልብ በሉልኝ። ዊ በስተመጨረሻ 101.6 ሚሊዮን ተሸጠ። ፕሌይስቴሽን 3 ደግሞ 87 ሚሊዮን ገደማ፣ ኤክስቦክስ 360 ከ84 ሚሊዮን በላይ። ማን ብዙ ሸጠ ብለው የሚከራከሩ ልጆች እነዚህን ቁጥሮች ቢያዩ ፉክክሩ ተቀራራቢ ነበር ይላሉ። ገንዘቡን ስታይ ግን ፉክክር አልነበረም። ማርች 2009 ላይ በተዘጋው ዓመት ኒንቴንዶ ከሥራው ያተረፈው 555 ቢሊዮን የን ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2007 የኒንቴንዶ የአክሲዮን ዋጋ ድምር ከሶኒ በልጦ ነበር። ፊልምም ባንክም የሌለው የካርታ ቤት ከሶኒ በላይ ዋጋ አወጣ።

እኔ ከዚህ የምወስደው ይሄን ነው። ኪሳራውን የሚሸፍንለት ሌላ ክፍል የሌለው ድርጅት ሒሳቡን ማሽኑ ሳይሠራ ይጨርሳል። የሚሸፍንለት ያለው ደግሞ ማሽኑ ከተሠራ በኋላ ይጀምራል። ሶኒ ራሱ ይህን የተማረ ይመስለኛል። በ2013 ፕሌይስቴሽን 4ን ሲያወጣ እንደ ሴል ያለ የራሱን ልዩ ቺፕ አላሠራም፤ ከኤኤምዲ በኮምፒውተር የተለመደውን ዓይነት ወሰደ። ዕቃው 381 ዶላር ገደማ ተገመተ፣ ዋጋው 399 ሆነ። ኦንላይን ለመጫወት ደግሞ ክፍያ አስገባ። ማርች 2025 ላይ በተዘጋው ዓመት የጌም ክፍሉ ከ414 ቢሊዮን የን በላይ አተረፈ። ከ2006 ጋር ሳስተያየው ያው ድርጅት አይመስለኝም።

ኢዋታ ደሞዙን ሲቆርጥ

ኒንቴንዶን ብቻ ሳሞግስ እንዳልቀር፣ እሱም ወድቋል። በ2011 ስሪዲኤስ የተባለውን በእጅ የሚያዝ ማሽን በ250 ዶላር አወጣ። ገበያው ቀዘቀዘ። ስድስት ወር ሳይሞላ ዋጋውን ወደ 170 ዶላር አወረደው። ቀጥሎ የመጣው ዊ ዩ ደግሞ ጭራሽ አልሆነም፤ በዕድሜው ሁሉ የተሸጠው 13.56 ሚሊዮን ብቻ ነው። ዊ ዩ ገና ሳይወጣ፣ ማርች 2012 ላይ በተዘጋው ዓመት፣ ድርጅቱ 43 ቢሊዮን የን ከስሯል። በኪሳራ የማይሸጠው ቤት በኪሳራ ሸጠ፤ ወዲያውም አመመው።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ያሰብኩበት ሰው ሳቶሩ ኢዋታ ነው፤ የዚያን ጊዜው ፕሬዚዳንት። የስሪዲኤስ ዋጋ ሲቆረጥ ቋሚ ደሞዙን በግማሽ ቀነሰ። በ2014 ዊ ዩ ሲከሽፍ እንደገና ቀነሰ። በ2013 ባለአክሲዮኖች ለምን ሠራተኛ አትቀንስም ብለው ሲጠይቁት አልቀንስም አለ። ከሥራ እባረር ይሆናል ብሎ የሚሰጋ ሠራተኛ የሰው ልብ የሚነካ ጌም ይሠራል ብዬ አላምንም አለ። ይህን የማነበው እንደ ደግነት ብቻ አይደለም፣ የሒሳብ ውሳኔም ነው። የድርጅቱ ሀብት ማሽኑ ሳይሆን ጌም የሚሠራው ሰው ነው። ያንን ሰው ይዞ መቆየት የቻለው ደግሞ በዊ ዘመን ያጠራቀመው ገንዘብ ስለነበረ ነው። ኪሳራውን የተሸከመው ቁጠባው ነው።

ኢዋታ በጁላይ 2015 አረፈ። ስዊች በማርች 2017 ሲወጣ አላየውም። ስዊች የቤቱንም የእጁንም ማሽን አንድ አደረገ። ለሁለት ማሽን ይከፋፈል የነበረው የጌም ሠሪ ኃይል በአንድ ማሽን ላይ አረፈ። ከ150 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ። እነዚያ ሠራተኞች በ2013 ተቀንሰው ቢሆን ኖሮ ስዊች ይኖር ነበር ወይ? አይመስለኝም።

ሴጋ፣ ከዚያ ማይክሮሶፍት

ሁሉም ግን ቁጠባ የለውም። ሌላው የጃፓን ድርጅት ሴጋ በጃንዋሪ 2001 ድሪምካስት የተባለውን ማሽኑን እንደሚያቆም ሲያስታውቅ ዕዳ ውስጥ ነበር። ሊቀመንበሩ ኢሳኦ ኦካዋ ከግል ሀብቱ ወደ 695 ሚሊዮን ዶላር የሚገመት ለድርጅቱ ሰጠ። በማርች አረፈ። ሴጋ ዛሬም ጌም ይሠራል፣ ድሪምካስትን የሚተካ አዲስ ኮንሶል ግን ከዚያ ወዲህ አላወጣም። ኪሳራውን የተሸከመው አንድ የታመመ ሽማግሌ ነው። የሒሳብ ሪፖርት ሳነብ ስሜቴ የሚነካበት ጊዜ ብዙ አይደለም፤ እዚህ ላይ ግን ተነካ።

ማይክሮሶፍት የመጣው በዚያው ዓመት ነው። ቤቱ ዊንዶውስና ኦፊስ አለው። በ2005 የወጣው ኤክስቦክስ 360 በሙቀት እየተቃጠለ፣ ማብሪያው ዙሪያ ሦስት ቀይ መብራት እያበራ መሞት ጀመረ። በጁላይ 2007 ድርጅቱ ዋስትናውን ወደ ሦስት ዓመት አራዘመ፤ ለዚህም ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ መደበ። ሌላ ድርጅት ቢሆን ክፍሉን ይዘጋው ነበር። «ጣት ገማ ተብሎ ተቆርጦ አይጣልም» እንዲሉ፣ እነሱ ከፍለው ቀጠሉ። ለደንበኛው ጥሩ ነገር ነው ያደረጉት። ያ ውሳኔ ባይኖር ኤክስቦክስ ዛሬ አይኖርም ነበር።

ግን ጥልቅ ኪስ ልማድ ያመጣል። በ2017 ጌም ፓስ መጣ፤ በዚያን ጊዜ በወር 10 ዶላር ገደማ ትከፍላለህ፣ ከመቶ በላይ ጌም ትጫወታለህ። በቀጣዩ ዓመት ማይክሮሶፍት የራሱን አዳዲስ ጌሞች ከወጡበት ቀን ጀምሮ እዚያው እንደሚያስገባ አስታወቀ። ለተጫዋቹ ሠርግና ምላሽ ነው። በሒሳብ ዓይን ሳየው ግን ግር አለኝ። የድሮው መላ ማሽኑን በርካሽ ሸጦ ከጌሙ ማትረፍ ነበር። አሁን ጌሙም ረከሰ። ትርፉ ከየት ይምጣ? ሰዉ ሁሉ ተመዝጋቢ ሲሆን ይመጣል ተባለ። ተመዝጋቢ ለመሳብ ደግሞ ትልቁ ጌም ሠሪ አክቲቪዥን ብሊዛርድ በ68.7 ቢሊዮን ዶላር ተገዛ። ግዢው የተጠናቀቀው በኦክቶበር 2023 ነው።

ከሦስት ወር ጥቂት አለፍ ብሎ፣ በጃንዋሪ 2024፣ ከጌም ክፍሉ 1,900 ሰው ተቀነሰ። በሜይ ደግሞ ሃይ ፋይ ራሽ የተባለውን የተወደደ ጌም የሠራው ታንጎ ጌምወርክስ እንዲዘጋ ተወሰነ፤ ኋላ ሌላ ድርጅት ወስዶ ከመዘጋት አዳነው። ለፍትሕ ሲባል ሶኒም በዚያው ፌብሩዋሪ 900 ያህል ሠራተኛ እንደሚቀንስ ተናግሮ የለንደኑን ስቱዲዮ ዘግቷል። ይህን ሳነብ የኢዋታ መልስ ትዝ አለኝ፤ ተናደድኩም። ጥሩ ጌም የሠራ ሰው በራሱ ጥፋት አልተባረረም። ከእሱ በላይ ያሉ ሰዎች የገቡበትን ውርርድ ዕዳ ነው የከፈለው። በዚያው ዓመት ማይክሮሶፍት እስከዚያ ለኤክስቦክስና ለኮምፒውተር ብቻ የነበሩ አንዳንድ ጌሞቹን ለፕሌይስቴሽንና ለስዊች መሸጥ ጀመረ። በሶኒ ሱቅ ሲሸጥ ድርሻውን ለሶኒ ይከፍላል ማለት ነው። እኔ ይህን ሽንፈት አልለውም። ጌሙ ባለበት ሁሉ መሸጡ ለሒሳብ ጤነኛ ነው። የሳጥኑን ጦርነት ግን ትቶታል ብዬ አምናለሁ።

ዋጋ የሚወጣበት ዘመን

ድሮ አንድ የታወቀ ነገር ነበር፤ የታገሠ ሰው ማሽኑን በርካሽ ያገኛል። ፕሌይስቴሽን 2 በ2000 አሜሪካ ውስጥ 299 ዶላር ነበር፤ በ2009 ወደ 99 ዶላር ወረደ። ቺፕ በየዓመቱ ይረክስ ስለነበር ድርጅቱም ዋጋ እየቀነሰ ማትረፍ ይችል ነበር። አሁን ቺፕ እንደ ድሮው አይረክስም፤ ቀረጥም ተጨምሯል። በ2020 ፕሌይስቴሽን 5 499 ዶላር ነበር፤ በኦገስት 2025 550 ገባ። ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤክስ በ499 ጀምሮ በኦክቶበር 2025 650 ደረሰ። በዚያው ወር የጌም ፓስ ትልቁ ጥቅል ከ20 ወደ 30 ዶላር ዘለለ። አምስት ዓመት የሞላው ማሽን ሲወጣ ከነበረው ዋጋ በላይ ሲሸጥ ከዚህ በፊት በዕድሜዬ አላየሁም። ድርጅቶቹ ኪሳራውን መሸከም ሰልችቷቸዋል፤ ወደ ገዢው እያወረዱት ነው።

ኒንቴንዶ በዚህ ላይ ያደረገው ነገር በጣም ያሳስበኛል፣ ምክንያቱም ሌሎቹም ይከተሉታል ብዬ እጠብቃለሁ። በጁን 2025 ስዊች 2ን ሲያወጣ ለጃፓን ገበያ ሁለት ዓይነት አዘጋጀ። ብዙ ቋንቋ የሚያሠራው ሲወጣ 69,980 የን ነበር። ጃፓንኛ ብቻ የሚያሠራው፣ አካውንቱም የጃፓን መሆን ያለበት፣ 49,980 የን ነበር። የን ስለተዳከመ የአገሩ ሰው አልቻለም፤ ስለዚህ ለእሱ ብቻ ቀነሰለት። ቋንቋው የተቆለፈው ደግሞ ነጋዴ በርካሽ ገዝቶ ወደ ውጭ እንዳያወጣው ይመስለኛል። ቅናሹ ለማን እንደሚደርስ ድርጅቱ አስቀድሞ ወስኗል። በዱባይ በኩል ዞሮ እኛ ጋ የሚደርሰው ስዊች 2 እንግዲህ ሙሉ ዋጋ የተከፈለበት ነው።